የክር አመራረጥ

ሀ. ቅድመ ንባብ ጥያቄዎች

የሚከተለውን ምንባብ ከማንበባችሁ በፊት በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ በክፍል ውስጥ ተወያዩ።

1. በአካባቢያችሁ ጥጥ የሚፈትል፣ ሸማ የሚሸምን፣ ሹራብ ወይም ዳንቴል የሚሠራ ሰው አለ? ክሩን ከየት ያገኛል?
2. ‹‹ድርና ማግ›› ሲባል ምን ማለት ይመስላችኋል?
3. ለአንድ ሥራ የሚሆን ክር ሲመረጥ ከቀለሙ ሌላ ምን መታየት አለበት ትላላችሁ?

ለ. ምንባብ

ሞያሌ በኢትዮጵያና በኬንያ ድንበር ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ድንበሩ እ.ኤ.አ. በ1907 በኢትዮጵያና በብሪታንያ መካከል በተደረገ ውል የተወሰነ ሲሆን፣ የከተማይቱ አንዱ ወገን በኢትዮጵያ፣ ሌላው ወገን በኬንያ በማርሳቢት ግዛት ውስጥ ይገኛል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሐዋሳ፣ በዲላ፣ በያቤሎና በሜጋ በኩል የሚወርደው አውራ ጎዳና እዚህ ድንበሩን ይሻገርና በማርሳቢት፣ በኢሲዮሎና በናንዩኪ አድርጎ ወደ ናይሮቢ ይዘልቃል። በኬንያ በኩል ያለው መንገድ እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ ዓመታት አስፋልት ለብሷል፤ የሁለቱ አገሮች የጋራ የድንበር ጣቢያም በ2013 ዓ.ም. ተመርቋል። ቦረናው፣ ገብራው፣ ገሪው፣ ቡርጂው፣ ሶማሌውና ከሌላም አገር የመጣው ነጋዴ በዚህች ከተማ ይገናኛል።

በእንዲህ ያለ የመንገድ መጋጠሚያ ላይ ቆሞ ወደ ሰሜንም ወደ ደቡብም የሚመለከት ሰው ሦስት ዓይነት ክር ያያል። ከሰሜንና ከምዕራብ፣ ማለትም ከኮንሶና ከጋሞ ደጋዎች በኩል፣ ሸማኔዎች ከጥንት ጀምሮ የሠሩበት የጥጥ ፈትል አለ። ከደቡብ፣ በኬንያ ተራራ ዙሪያ ከሚገኘው ደጋ፣ የበግ ሱፍ አለ። ከሁለቱም አገሮች ከተሞች ደግሞ በፋብሪካ የተፈተለ የጥጥ ክርና ከነዳጅ ዘይት ተዋጽኦ የሚሠራ አክሪሊክ የተባለ ክር ይመጣል። የሦስቱም ቀለም ሊያምር፣ የሦስቱም ዋጋ ሊለያይ ይችላል። ታዲያ ሸማ የሚሸምን፣ ሹራብ የሚሠራ ወይም ዳንቴል የሚጥል ሰው የትኛውን ይምረጥ? መልሱ አጭር ነው፦ ከሁሉ የሚበልጥ ክር የለም፤ ለግብሩ የሚስማማ ክር ግን አለ። የዚህን ምክንያት ለመረዳት በመጀመሪያ ክር እንዴት ተሠርቶ ክር እንደሚሆን ማወቅ ያስፈልጋል።

የክር ምንነት

ክር እንደ ፀጉር የቀጠኑ ብዙ ቃጫዎች አንድ ላይ ተጠምዝዘው የሚሰጡት ረዥም ዘሃ ነው። የአንድ የጥጥ ቃጫ ርዝመት 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ይህን ያህል አጭር የሆነ ነገር ብዙ ሜትር የሚረዝም ክር ሊሆን የቻለው በመጠምዘዙ ነው። ቃጫዎቹ ሲጠመዘዙ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ይያያዛሉ፤ ክሩ በተሳበ ቁጥርም መያያዛቸው ይጠብቃል። ጥምዘዛው ጥቂት ከሆነ ክሩ ላላ፣ ለስላሳና አየር የሚይዝ ይሆናል፤ ሆኖም በቀላሉ ይበጠሳል። ጥምዘዛው ሲበዛ ክሩ ይጠነክራል፤ ነገር ግን ይሻክራል፤ ልክ ካለፈም ‹‹ሲከር ይበጠሳል›› እንደሚባለው ይሆናል። እንግዲህ ለስላሳነትና ጥንካሬ በአንድ ክር ላይ በሙሉ ልካቸው አይገኙም፤ አንዱን የፈለገ ከሌላው ጥቂት መተው አለበት።

ይህን ችግር ለማቃለል ከሚያገለግሉት ዘዴዎች አንዱ መግመድ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ነጠላ ክሮች ከተፈተሉበት አቅጣጫ በተቃራኒ አብረው ሲጠመዘዙ ድርብ ክር ይሆናሉ። አንዱ ነጠላ ክር የቀጠነበትን ቦታ ሌላው ስለሚሸፍነው፣ ድርብ ክር ከነጠላው የበለጠ ጠንካራና ወጥ ነው። ‹‹ድር ቢያብር አንበሳ ያስር›› የሚለው ተረት ስለ ሰዎች ኅብረት የተነገረ ቢሆንም በክር ሥራም እውነትነቱ በእጅ የሚዳሰስ ነው።

የክር ቅጥነት የሚለካበት ቁጥርም አለ። በቆየው የጥጥ ክር አቆጣጠር 768 ሜትር የሚሆነው ርዝመት 454 ግራም ያህል ሲመዝን ክሩ ቁጥር 1 ይባላል። ከዚያው ክብደት 20 እጥፍ ርዝመት፣ ማለትም 15,360 ሜትር የሚወጣ ከሆነ ክሩ ቁጥር 20 ነው። ስለዚህ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ክሩ ይቀጥናል። ይህን የማያውቅ ገዢ ቁጥሩ ትልቅ የሆነውን ወፍራም መስሎት ሊገዛ ይችላል።

ለሸማ የሚሆን ክር

ጥጥ በአካባቢያችን ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገሠው የአክሱም ንጉሥ ኢዛና በኖባ ምድር ላይ ስላካሄደው ዘመቻ ባስቀረጸው ጽሑፍ ውስጥ ጥጥ ተጠቅሷል። በደቡብም በኩል የኮንሶ ሸማኔዎች የጥጥ ልብስ እየሸመኑ ከጎረቤቶቻቸው ከቦረና ከብት አርቢዎች ጋር ይለዋወጡ ነበር። በጨንቻ አካባቢ የሚኖሩት ዶርዜዎች በሸማ ሥራቸው ስማቸው የታወቀ ነው፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ አዲስ አበባ ገብተው በእንጦጦ ግርጌ በሽሮ ሜዳና በአካባቢው ሙያቸውን ቀጥለዋል። በጋሞ ደጋ በልማድ ሴቶች ይፈትላሉ፤ ወንዶች ይሸምናሉ።

ፈትል ብዙ ድካም የሚጠይቅ ሥራ ነው። ጥጡ በመጀመሪያ ከፍሬው ይለያል፤ ይህም መዳመጥ ይባላል። ከዚያም በደጋን ይነደፍና ባዘቶ ይሆናል። ባዘቶው ተጠቅልሎ አመልማሎ ይሠራል። ፈታይዋ አመልማሎውን በአንድ እጇ ይዛ፣ በሌላው እንዝርቱን እያሾረች ታቀጥነዋለች፤ የተፈተለውም እየተጠቀለለ ልቃቂት ይሆናል። ክሩ ምን ያህል ይክረር፣ ምን ያህል ይላላ የሚለውን የሚወስኑት የፈታይዋ ጣቶች ናቸው። በገበያ ላይ ሸማኔው ‹‹እማማ፣ ይህ ለድር ይሆናል?›› ብሎ ሲጠይቅ፣ ፈታይዋ ‹‹የለም ልጄ፤ ለማግ ብዬ ነው የፈተልኩት። ለድር ካሻህ ጠበቅ ያለውን ላሳይህ›› ብላ ብትመልስለት፣ በዚህች አጭር ንግግር ውስጥ የሸማ ክር አመራረጥ ዋነኛው ቁም ነገር ተካትቷል።

ሸማ ከሁለት ወገን ክር ይሠራል። ድር የሚባለው በቁመት ተወጥሮ የሚዘረጋው ሲሆን፣ ማግ የሚባለው ደግሞ በመወርወሪያ አማካይነት በድሩ መካከል በአግድም የሚተላለፈው ነው። ድሩ ሥራው እስኪያልቅ ድረስ እንደተወጠረ ይቆያል፤ መወርወሪያው ባለፈ ቁጥር ከፍ ዝቅ ይላል፤ ማጉ በተመታ ቁጥርም ይፈተጋል። ስለዚህ ድር የከረረ፣ ወጥና ጠንካራ መሆን አለበት። አንድ ዘሃ ሲበጠስ ሸማኔው ሥራውን አቁሞ መቀጠል ይኖርበታል፤ ድሩ በየጊዜው የሚበጠስ ከሆነ የአንድ ቀን ሥራ ሁለትና ሦስት ቀን ይፈጃል፤ ልብሱም በቋጠሮ ይሞላል። በማግ ላይ ግን እንዲህ ያለ ጭነት የለም። ማግ ላላ ብሎ ቢፈተል ልብሱን ያለሰልሰዋል፤ በቃጫዎቹ መካከል አየር ስለሚይዝም ሙቀት ይሰጣል። አራት እጥፍ ሆኖ የሚለበሰው ጋቢ በብርድ ጊዜ የሚወደደው ከዚህ የተነሣ ነው።

በኢጣሊያ ወረራ ዘመን በድሬዳዋ፣ በ1953 ዓ.ም. በባሕር ዳር፣ በኋላም በሌሎች ከተሞች የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ከተቋቋሙ ወዲህ በመኪና የተፈተለ ክር በየገበያው ተስፋፋ። የፋብሪካው ክር ውፍረቱ ወጥ በመሆኑ ለድር እጅግ ተስማሚ ሆኖ ተገኘ። ብዙ ሸማኔዎችም የፋብሪካ ክር ለድር፣ የእጅ ፈትል ለማግ ማድረግን ለመዱ። ይህ የሥራ ክፍፍል ለሁለቱም ወገን ጠቀመ፤ ሸማኔው ድሩ ሳይበጠስበት ይሠራል፤ ፈታይዋም ለማግ የሚሆን ለስላሳ ፈትሏን ትሸጣለች። ማጉም ጭምር በፋብሪካ ክር ሲተካ ግን ልብሱ ይቀላል፣ ዋጋውም ይረክሳል፤ ነገር ግን የጋቢው ልስላሴና ሙቀት ይቀንሳል፤ በቤቷ ተቀምጣ የምትፈትለው ሴት ገቢም ይጎድላል። የክር ምርጫ የልብሱን ጠባይ ብቻ ሳይሆን የሰውንም እንጀራ የሚነካ መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ለሹራብ የሚሆን ክር

ሹራብ እንደ ሸማ በድርና በማግ አይሠራም። አንድ ክር በሁለት ረዣዥም መርፌዎች እየተቆለፈ፣ ዓይን በዓይን ላይ እየተሰካካ ይሠራል። እያንዳንዱ ዓይን ሲሳብ ይረዝማል፤ ሲለቀቅ ይመለሳል። ስለዚህ ለሹራብ የሚመረጠው ክር ተለጥጦ የሚመለስ መሆን አለበት። በዚህ በኩል የበግ ሱፍ ከሁሉ ይሻላል። የሱፍ ቃጫ በተፈጥሮው የተጠቀለለ ስለሆነ ሲስቡት ይዘረጋል፤ ሲለቁት ይሰበሰባል።

ይሁን እንጂ በግ ሁሉ ሱፍ አይሰጥም። በቦረና ቆላ የሚረባው ራሱ ጥቁር፣ ገላው ነጭ የሆነው በግ የሚሸፍነው አጭር ፀጉር እንጂ የሚፈተል ሱፍ አይደለም። ሱፍ ለማግኘት ወደ ደጋ መውጣት ያስፈልጋል። በሰሜን ሸዋ በመንዝ ብርዱ ስለሚበረታ ሕዝቡ የበጉን ሱፍ ፈትሎ ባና፣ ዝተትና በርኖስ ሲያሠራ ኖሯል። የመንዝ በግ ሱፍ ሻካራ በመሆኑ ለብርድ ልብስና ለካባ ይመቻል፤ ገላን ለሚነካ የሕፃን ሹራብ ግን አይመረጥም። በደብረ ብርሃንም በ1950ዎቹ ዓ.ም. የሱፍ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ተቋቁሟል። በኬንያ በኩል ከሞያሌ ወደ ናይሮቢ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በናንዩኪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1977 ሱፍ በእጅ የሚፈትሉና የሚሸምኑ ሴቶች ማኅበር ተቋቁሞ፣ አባላቱ ከደጋው በጎች የሚገኘውን ሱፍ እየፈተሉና እያቀለሙ ምንጣፍ ሲሠሩ ቆይተዋል።

በሹራብ ክር ምርጫ ላይ የአየሩ ጠባይ ይታሰባል። 100 ግራም ደረቅ ጥጥ በተለመደው አየር ውስጥ 8 ግራም ያህል እርጥበት ይይዛል፤ ሱፍ 16 ግራም ያህል ይይዛል፤ አክሪሊክ ግን የሚይዘው ከ2 ግራም ገደማ አያልፍም። ከባሕር ጠለል በላይ 1,100 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው በሞያሌ ቀኑ ስለሚሞቅ፣ ላብ የሚመጥጥና ነፋስ የሚያሳልፍ የጥጥ ልብስ ለሰውነት ይመቻል። ከዚያ ወደ ደቡብ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ጫካና ጭጋግ በማይለየው ተራራ ላይ በምትገኘው በማርሳቢት ግን የሱፍ ሹራብ ይፈለጋል። የጥጥ ሹራብ ደግሞ ሲርስ ስለሚከብድና ከተለጠጠ በኋላ ስለማይሰበሰብ፣ በጠባብ ዓይን እንጂ በሰፊው መሠራት የለበትም።

አክሪሊክ እ.ኤ.አ. በ1950 በፋብሪካ ደረጃ መመረት የጀመረ ሰው ሠራሽ ክር ነው። ክብደቱ ቀላል፣ ዋጋው ዝቅተኛ፣ ቀለሙ ደማቅ ነው፤ ብል አይበላውም፤ ታጥቦም ቶሎ ይደርቃል። በእነዚህ ምክንያቶች በብዙ አገሮች የተማሪዎች ሹራብ ከእርሱ ይሠራል። ሆኖም አንድ ትልቅ ጉድለት አለበት፤ እሳት ሲነካው ይቀልጣል፤ የቀለጠውም ትኩስ ሆኖ በገላ ላይ ይጣበቃል። ሱፍ ግን በዝግታ ይቃጠላል፤ ከእሳቱ ሲለይም አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይጠፋል። ምግብ በምድጃ በሚበስልበት ቤት ሕፃናት በእሳቱ ዙሪያ ስለሚጫወቱ፣ ለሕፃን ልብስ ክር የሚገዛ ሰው ይህን ልዩነት ሊዘነጋው አይገባም።

ለዳንቴል የሚሆን ክር

ዳንቴል ኪሮሽ በሚባል ጫፉ ቆልመም ባለ መርፌ ይሠራል። በዳንቴል ውበቱ ያለው በቀዳዳዎቹና በቅርጹ ነው። ስለዚህ ክሩ ልሙጥ፣ የከረረና ወጥ መሆን ይገባዋል። ለሹራብ ያማረው ለስላሳና ፀጉራም ክር ለዳንቴል ሲውል ቀዳዳዎቹን ይሸፍናል፤ ብዙ የተደከመበት አበባም ከሩቅ አይለይም።

ለዚህ ሥራ ከሁሉ የሚስማማው የሚያብረቀርቅ የጥጥ ክር ነው። ጆን መርሰር የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1844 የጥጥ ጨርቅ በኮስቲክ ሶዳ ሲነከር የቃጫው ጠባይ እንደሚለወጥ ደረሰበት፤ ግኝቱንም በ1850 አስመዘገበ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ክሩን ወጥሮ መንከር የበለጠ እንደሚያንጸባርቀው ታወቀ። እንዲህ የተሠራ ክር ከተራው ጥጥ ይጠነክራል፤ ቀለምም በደንብ ይቀበላል። የዳንቴል ክር ሲገዛም ቁጥሩ በጨመረ መጠን ክሩ እንደሚቀጥን ማስታወስ ያስፈልጋል።

ክር ከመግዛት በፊት የሚደረግ ፍተሻ

ክር በዓይን ብቻ አይመረጥም። በመጀመሪያ አንድ ስንዝር ያህል ክር በሁለት እጅ ይዞ ቀስ እያሉ መሳብ ያስፈልጋል። በትንሽ ጉተታ ቃጫዎቹ ተንሸራተው ከተለያዩ ክሩ ለድር አይሆንም። ቀጥሎም ረዘም ያለ ክር ዘርግቶ የቀጠነበትንና የወፈረበትን ቦታ በጣት መዳሰስ ይገባል።

ሁለተኛው ፍተሻ የቀለም ነው። ክሩን በሞቀ ውኃ አርሶ በነጭ ጨርቅ መካከል አድርጎ መጭመቅ ያስፈልጋል። ነጩ ጨርቅ ከቀለመ ክሩ ቀለሙን የሚለቅ መሆኑ ታወቀ ማለት ነው። በነጠላ ጫፍ ላይ ጥበብ የሚሠራ ሸማኔ ይህን ፍተሻ ከዘለለ፣ ልብሱ በመጀመሪያው እጥበት ይበላሻል፤ ነጩ ይዥጐረጐራል፤ የሸማኔውም ስም ከልብሱ ጋር ይጠፋል።

ሦስተኛው የእሳት ፍተሻ ነው። ይህ ፍተሻ የሚደረገው በትልቅ ሰው ፊት፣ ከቤት ውጭ፣ ውኃ በአጠገብ ተቀምጦ፣ አጭር ክር በመቆንጠጫ ተይዞ ነው። ጥጥ ቶሎ ይነዳል፤ ሽታው የተቃጠለ ወረቀት ይመስላል፤ አመዱም ግራጫና ልም ነው። ሱፍ በዝግታ ይቃጠላል፤ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ የሚቀረውም ጥቁር ፍም በጣት ይፈረፈራል። አክሪሊክ እየቀለጠ ይነዳል፤ ሲበርድም ጥቁርና ጠጣር እንክብል ይተዋል። በዚህ ዘዴ ሱፍ ነው ተብሎ የቀረበው ክር በእርግጥ ሱፍ መሆኑን መለየት ይቻላል።

አራተኛው መጠኑን መገመት ነው። አንዲት ልጃገረድ 150 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 50 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የአንገት ልብስ ልትሠራ አሰበች እንበል። በመጀመሪያ 10 ሴንቲ ሜትር በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ናሙና ሠርታ ትመዝናለች። ናሙናው 4 ግራም ቢመዝን፣ ልብሱ የናሙናውን 75 እጥፍ ስለሚሆን 300 ግራም ክር ያስፈልጋታል። ለብክነት አንድ አሥረኛውን ብትጨምር 330 ግራም ይሆናል። ክሩ የሚሸጠው በ50 ግራም ጥቅል ከሆነ ሰባት ጥቅል መግዛት አለባት። ሰባቱንም በአንድ ጊዜ፣ በአንድነት ከቀለመው ክር መግዛቷ ተገቢ ነው፤ በሌላ ጊዜ የተነከረ ክር በስም አንድ ዓይነት ቀለም ቢባልም ጎን ለጎን ሲሠራ ልዩነቱ ይታያል። ናሙናውን አጥባ መለካቷም ይጠቅማታል፤ ክሩ የሚጠብ ከሆነ አስቀድማ ታውቀዋለች።

አንዳንድ ሰዎች ይህ ሁሉ ፍተሻ ጊዜ ማባከን ይመስላቸዋል። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። የክር ዋጋ የሚከፈለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ድካሙ ግን የሚከፈለው በየቀኑ ነው። በደካማ ድር የተሸመነ ጋቢና በጠንካራ ድር የተሸመነ ጋቢ የሚጠይቁት እጅና ዓይን አንድ ነው፤ እንዲያውም ደካማው የበለጠ ያደክማል። ሥራው ሲያልቅ ግን አንዱ ለብዙ ዓመት ይለበሳል፤ ሌላው በአጭር ጊዜ ይቀደዳል። ከክሩ ጥቂት ሳንቲም ያተረፈ ሰው የብዙ ቀን ድካሙን ይከስራል።

ስለዚህ በሞያሌም ሆነ በሌላ ገበያ ክር የሚመርጥ ሰው ‹‹የትኛው ያምራል?›› ከማለቱ በፊት ‹‹ለምን ሥራ ነው? ማን ይለብሰዋል? የት አገር ይለበሳል?›› ብሎ ሊጠይቅ ይገባል። ለነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ ካገኘ በኋላ ቀለሙን እንደ ልቡ ፈቃድ ቢመርጥ ምርጫው አያስጸጽተውም።

ሐ. የቃላት ፍች

አመልማሎ፦ ለመፈተል እንዲመች የተጠቀለለ ባዘቶ
ልቃቂት፦ ተፈትሎ የተጠቀለለ ክር
ድር፦ በሸማ ሥራ በቁመት የሚወጠር ክር
ማግ፦ በድር መካከል በአግድም የሚያልፍ ክር
ዘሃ፦ አንድ ነጠላ የክር መስመር
መግመድ፦ ሁለት ወይም ከሁለት በላይ የሆኑ ክሮችን አንድ ላይ መጠምዘዝ
ግብር፦ በዚህ ምንባብ ውስጥ ሥራ፣ አገልግሎት

መ. የአንብቦ መረዳት ጥያቄዎች

በምንባቡ መሠረት ለሚከተሉት ጥያቄዎች በሙሉ ዐረፍተ ነገር መልስ ስጡ።

1. ለድር የሚሆን ክር ለማግ ከሚሆነው የሚለየው በምንድን ነው? ምክንያቱን አስረዱ።
2. ሸማኔዎች የፋብሪካ ክርና የእጅ ፈትል አዳብለው መሥራታቸው ማንን ጠቀመ? እንዴት?
3. በቦረና ቆላ ብዙ በግ እያለ የሱፍ ክር የማይገኘው ለምንድን ነው?
4. ሱፍና አክሪሊክ እሳት ሲነካቸው ምን ይሆናሉ? ይህን ማወቅ ለማን ይጠቅማል?
5. ‹‹የክር ዋጋ የሚከፈለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ድካሙ ግን የሚከፈለው በየቀኑ ነው›› የሚለውን ሐሳብ በራሳችሁ አባባል አብራሩ።
6. 120 ሴንቲ ሜትር በ40 ሴንቲ ሜትር ለሆነ የአንገት ልብስ፣ 10 ሴንቲ ሜትር በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነው ናሙና 5 ግራም ቢመዝን፣ ብክነቱ ሳይታሰብ ስንት ግራም ክር ያስፈልጋል?

ሠ. የቃላት እርባታ

‹‹ፈተለ›› ከሚለው ግሥ ፈታይ፣ ፈትል፣ መፍተል፣ ተፈተለ፣ አስፈተለ የሚሉት ቃላት ይወጣሉ። ፈታይ ድርጊቱን የሚፈጽመውን፣ ፈትል የድርጊቱን ውጤት፣ አስፈተለ ደግሞ ድርጊቱን በሌላ ሰው ማሠራትን ያመለክታል። በዚህ ምሳሌ መሠረት ሸመነ፣ ጠለፈ፣ ገመደ ከሚሉት ግሦች የሚወጡትን ቃላት ጻፉ፤ እያንዳንዱንም በዐረፍተ ነገር ውስጥ አግቡ።

ረ. የጽሕፈት መልመጃ

ከሚከተሉት አንዱን መርጣችሁ ሁለት አንቀጽ ጻፉ።

1. በአካባቢያችሁ የሚኖሩ አንድ ሸማኔ ወይም አንዲት ፈታይ ጠይቃችሁ፣ ክር ሲመርጡ አስቀድመው የሚመለከቱት ምን እንደሆነ አስረዱ። በምንባቡ ከተነገረው ጋር የሚስማማውንና የሚለየውን አመልክቱ።
2. ‹‹ድር ቢያብር አንበሳ ያስር›› እና ‹‹ሲከር ይበጠሳል›› የሚሉትን አባባሎች በክር ሥራ ያላቸውን እውነተኛ ትርጉምና በሰዎች ኑሮ ላይ ያላቸውን ትርጉም እያነጻጸራችሁ ግለጹ።